ጀልባዋን ይዘን ወደ አቦምሳ የወረድን ጊዜ

ከአርቦዬ ወጥተን ሁለተኛውን ጠመዝማዛ ስንዞር ከጀርባዬ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አባርቷል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ወንዝም በአጠገባችን የለም። ድምፁ የሚመጣው ከጋቢናው ኋላ፣ ከጫንናት ጀልባ ውስጥ ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲዞር ውሃው ወደ ቀኝ ይሄድና ከብረቱ ጋር ይላተማል፤ ከዚያ መኪናው በሙሉ ወደ ገደሉ ዘንበል ይላል። ልጄ ተስፋዬ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ዛሬ ይቺ መኪና ምን ሆናለች? ጭቃው ነው መሰለኝ» አለ።

ጭቃው አልነበረም። እኔ አውቄዋለሁ። ያ ውሃ እዚያ ውስጥ የቀረው በእኔ እጅ ሥራ ነው። አፌ ግን አልከፈት አለኝ።

እዚህ ላይ መኪናውን ላቁመውና ከመጀመሪያው ልነሳ፤ አለዚያ የሚያነብ ሰው አይገባውም።

አስካለ እባላለሁ። አሰላ ውስጥ ጠላና አረቄ እየሸጥኩ ሁለት ልጅ ያሳደግኩ፣ ባሌ ቀድሞኝ የሄደ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ተስፋዬ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ከእሱ ደብተር ላይ ስለሆነ አጻጻፌን ታገሱኝ። የምጽፈው ለሰፈሬና ለማኅበሬ ሴቶች ነው። ብዙዎቻችሁ ከአሰላ ገበያ ወዲያ አልሄዳችሁም፤ ስለዚያ ጉዞ ስትጠይቁኝም ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። ግን ሳወራ አንዲት ነገር ሁልጊዜ እዘላለሁ። አሁን አልዘልም።

ጊዜው ንጉሡ ከመውረዳቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ወሩ መጋቢት፣ ጾም። ከአቦምሳ በታች፣ አዋሽ ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ እርሻ አለ። ከወንዙ ውሃ የሚስቡበት ቦይ እንደ አውራ ጎዳና የሰፋ ነው ይላሉ። ደለልና ሣር እየሞላው ቢያስቸግራቸው፣ በውስጡ እየሄደች የምትጠርግ የብረት ጀልባ ገዙ። ጀልባዋ ከዝዋይ ሐይቅ መጣች፤ ሆዷ ዝጎ ስለነበር አሰላ ጋራዥ ገብታ ሁለት ወር ስትበየድ ከረመች። የአሰላ ሰው ጀልባ የት አይቶ ያውቃል? እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ እያለ ያያት ነበር። ከእኔ ቤት ትረዝማለች።

እሷን ጭኖ እንዲወስድ የታዘዘው ተስፋዬ ነበር። ሴት ልጄ አልማዝ ደግሞ አቦምሳ ነበረች፤ ባሏ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። ተስፋዬ፣ «እማዬ፣ በአውቶቡስ ከምትንገላቺ ከእኔ ጋር ነይ፤ ጋቢና ውስጥ እንደ ወይዘሮ ትቀመጫለሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ መኪና እፈራለሁ። በዚያ ሁሉ ዕድሜዬ ከአሰላ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ። ግን ልጄ ልትወልድ ነው፤ እሺ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት የጋራዡ ግቢ በሰው ሞላ። ጀልባዋን የሚያነሳው ክሬን ቀድሞ ቆሟል፤ እስከ እርሻው ድረስም ከኋላችን ይከተለናል፤ እዚያ ስንደርስ ቦዩ ውስጥ የሚያወርዳት እሱ ነውና። ክሬኑን የሚነዱት ጋሽ ቃሲም የሚባሉ የአርሲ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም። ሥራውን የለመዱት ግድብ ሲሠራ ከጣሊያኖች ጋር ነው ይባላል። አንድ ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ከማንሳታቸው በፊት ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ፤ ያን ጊዜ ማንም ትንፍሽ አይልም።

«ምን ይሰማዎታል ጋሽ ቃሲም?» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«ጤነኛው ቀለበት ይዘፍናል፤ የታመመው ያስላል» አሉኝ።

ከዚያ ያቺ ቤት የምታክል ብረት እንደ ላባ ከመሬት ተነሳች። ትዝ ይለኛል፣ ከሆዷ ሥር ያለውን ሣር አየሁት፤ ሁለት ወር ፀሐይ ሳያይ ነጭ ሆኗል። መኪናው ላይ በተነጠፉት ግንዶች ላይ ቀስ ብላ አረፈች፤ ጭራዋ ከመኪናው አልፎ ወደ ኋላ ወጣ አለ። በዚያች ደቂቃ ተስፋዬ ከጭራዋ ሥር ያለውን የብረት ውታፍ ፈትቶ ኪሱ ከቷል፤ ዝናብ ቢዘንብ ውሃው በቀዳዳው ወርዶ እንዲሄድ። እኔ ያን ጊዜ ጎረቤቶቼን እየሳምኩ ስለነበር አላየሁም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ጎረቤቶቼማ መቼ ዝም ይላሉ? ለአልማዝ የያዝኩትን በሶ፣ ማር፣ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄትና ተልባ ጀልባዋ ውስጥ ስናስቀምጥ አንዷ፣ «አስካለ፣ ኖኅ ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የጫነ፤ አንቺን ብቻሽን ማን ይቀበልሻል?» አለች። ሌላዋ፣ «ተያት፣ አቦምሳ ስትደርስ ጥንዷን ታገኛለች» አለቻት። እየሳቅኩ ወጣሁ። ጭላሎ ከጀርባችን ደመናውን ተከናንቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ዞር እያልኩ ፈለግኩት።

ኢተያ ስንደርስ አንድ ጎማ ተነፈሰ። ተስፋዬ ጎሚስታውን ሲጠራ እኔ ዕቃዬን ልይ ብዬ በመሰላል ጀልባዋ ውስጥ ወጣሁ። ምን ልበላችሁ፣ በሶዬ፣ ማሬ፣ ሁሉም አቧራ ለብሷል። ከየት መጣ ብዬ ብፈልግ፣ ጭራዋ ጋ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ከኋላ ጎማ የሚነሳው አቧራ በእሷ ሽቅብ ይገባል። እኔ በልቤ፣ ሁለት ወር በይደው ይቺን ረሷት አልኩ። ሠራተኞቹንም ታዘብኳቸው።

ሃያ ዓመት ጠላ የሸጠች ሴት ቀዳዳ አይታ ዝም ትላለች? የሚያፈስ ጋን ስንት ጊዜ ደፍኛለሁ። ከመቀነቴ ጫፍ ጨርቅ ቀደድኩ፤ ለአልማዝ ከያዝኩት ማር ላይ ሰፈፉን ቆርሼ በመዳፌ አሞቅኩት፤ ከተልባው ጋር ለወስኩት፤ ጨርቁን ነክሬ ጠመዘዝኩና ከላይ ወደ ታች ወተፍኩት፤ በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ክዳን ደፈደፍኩበት። ተልባ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ውሃ በነካው ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይለቅም። ሲያልቅ ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን የሚነገር ነገር አለው? የጠላ ጋን ስደፍን ለማን እናገራለሁ?

በዴራ በኩል ዞረን ሽቅብ ወጥተን ሲሬ የሚሉትን ከተማ ሲመሽ ያዝነው። ያደርንበት አልጋ ቤት እንደኛ አገር ብርድ ያውቃል፤ ባለቤቷ ግን ሦስት ብርድ ልብስ ደርባልኝ፣ «እናቴ፣ እግርዎን በጋቢ ይጠቅልሉት» እያለች ሁለት ጊዜ መጥታ አየችኝ። ጠላዋን ቀመስኩት፤ ጌሾው ከእኔ ይበዛል። ለእሷ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ ከከተማው ሳንወጣ ተያዝን። መንገዱ የሚያልፈው በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው፤ እነሱ ኦዳ ይሉታል፤ ሽማግሌዎች ሸንጎ የሚቀመጡበት። አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ በመንገዱ ላይ ተዘርግቷል፤ የጀልባዋ አፍንጫ ሄዶ እሱን ነካ። ተስፋዬ መጥረቢያ ያለው ሰው ሲጠይቅ ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ተነሱ። አንደኛው በኦሮምኛ ረጋ ብለው ተናገሩ፤ ጋሽ ቃሲም ከክሬናቸው ወርደው በሁለት እጃቸው ጨብጠዋቸው መለሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ዛፉን ማሳጠር አይቻልም፤ መኪናችሁን አሳጥሩ ነው የሚሉት።»

«መኪና እንዴት ያጥራል?» አለ ተስፋዬ።

ጋሽ ቃሲም ሳቁ። «ያጥራል። አስተንፍሰው።»

የሁሉንም ጎማ ነፋስ እስኪዘቅጥ አወጡት። መኪናው ቀስ እያለ ወረደ፤ ጀልባዋም አብራ ወረደች። በቅርንጫፉና በብረቱ መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። ተስፋዬ እንደ ኤሊ ነድቶ አሳለፋት፤ አንዲት ቅጠል አልወደቀችም። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ከዚያ በኋላ ግን ስምንቱን ጎማ በእጅ ፓምፕ መንፋት ቀረ። የመንደሩ ሰው ተራ እየገባ ነፋልን፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ካባቸውን አውልቀው ሞከሩ። አንዲት ሴት ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አመጣች፤ ለእኔ ለብቻዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ። እኛ አገር መንገደኛ ሲቆም ሕዝቡ ከቦ ያያል፤ እዚያ ከቦ ይነፋል። የዚያ ቆሎ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

እንዲህ ውለን አርቦዬ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያሳደሩን ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ቤተሰቦች ናቸው፤ ጋሽ ቃሲም የሚያውቋቸው ናቸው። የቤቱ እመቤት ዘይቱና ይባላሉ። ጾመኛ መሆኔን ሲሰሙ ጓዳ ገብተው አዲስ ድስት ይዘው ወጡ፤ ከነአቧራው።

«ይሄ ቅቤ አይቶ አያውቅም እትዬ አስካለ። እርስዎ ራስዎ እጠቡት፤ ልብዎ እንዲያርፍ።»

አጠብኩት፤ ሽሮውን እሳቸው ሠሩልኝ፤ ለእነሱ የቀረበውን ወተት ሕፃናቱ በእኔ በኩል እንዳያሳልፉት ሲቆጡ ሰማኋቸው። ብዙ ቤት በልቻለሁ፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ ያበላኝ የለም። ከእራት በኋላ ደግሞ፣ «ለአራስ የተያዘ ዕቃ ደጅ አያድርም» ብለው ስንቄን በሙሉ ከጀልባዋ አስወርደው ጓዳቸው አስገቡት።

መኪናው የቆመው ከእህል መጋዘናቸው ጥግ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳው ደግሞ አፉን ወደ ጀልባዋ አድርጓል። ማን አየው? ሌሊት የበልጉ ዝናብ ወረደ። የእኔ ቤት ሣር ክዳን ስለሆነ ዝናብ በሹክሹክታ ነው የሚዘንብብኝ፤ እዚያ ከበሮ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ የአሰላን ጓዳዬን፣ ጋኖቼን እያሰብኩ ተኛሁ። አንድ ትልቅ ጣሪያ የያዘው ውሃ በሙሉ ጀልባዋ ውስጥ እየገባ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ተነሳን። ጋሽ ቃሲም፣ «እዚያ ላይ እርጥብ ነው፤ የአራሷን ስንቅ እኔ ጋ ያድርጉት» ብለው ዕቃዬን ክሬናቸው ውስጥ ጫኑ። ተስፋዬ ዞሮ ጎማውን ረገጠ፣ ጀልባዋ የታሰረችበትን ሰንሰለት ሳበ። ወደ ውስጥ አላየም። ለምን ያያል? ውታፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቀዳዳዋ ክፍት እንደሆነች ያውቃል፤ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ ውሃ አይቆምም። ልጄ ልክ ነበር። ይህን ነው ሁልጊዜ የምዘለው፦ ልጄ ልክ ነበር።

አሁን ወደ ጠመዝማዛው ልመለስ።

ውሃውን ስሰማ ወዲያው ገባኝ። የሰማይ ውሃ፣ የእኔ ውታፍ። ልነግረው አሰብኩ፤ ግን አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ፣ ሰው የሚያከብረው ሹፌር ነው፤ እናቱ በሰፈፍና በተልባ መኪናውን አበላሸችበት ይባል? ትንሽ ቆይቶ ሜዳ ስንደርስ እነግረዋለሁ ብዬ አንድ ጠመዝማዛ አለፍኩ። ሌላም አለፍኩ። በሦስተኛው ላይ፣ «ተስፋዬ» ስል፣ ውሃው በሙሉ ወደ ቀኝ ሄደ።

የቀኝ የኋላ ጎማዎቹ የመንገዱን ጠርዝ ንደው ወረዱ። መኪናው ወደ ገደሉ ተጋደመ፤ ከኋላ አንድ ሰንሰለት ሲበጠስ እንደ ጥይት ጮኸ። በእኔ በኩል ባለው መስኮት ከታች የዛፍ ጫፎች ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሌላ ዛፍ፤ ከዚያም ሥር ሌላ።

«እማዬ፣ በእኔ በኩል ውጪ። በላዬ ተሻገሪ። ቀስ በይ።»

«አንተስ?»

«እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ካነሳሁት ትሄዳለች።»

በልጄ ጉልበት ላይ ተሻግሬ በበሩ ወረድኩ። ጋሽ ቃሲም ክሬናቸውን አቁመው ሲሮጡ መጡ፤ እጄን ይዘው፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አይፍሩ» አሉኝ። ከማሳው ሁለት ገበሬዎች መጡና ሳንላቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ከፊት ጎማዎቹ ሥር አደረጉ። ድንጋዩ ግን በጭቃው ላይ ይንሸራተታል፤ ተስፋዬ እግሩን ማንሳት አልቻለም።

ጋሽ ቃሲም ቸኩለው እንኳ ሰንሰለታቸውን በመዶሻ መታ መታ አደረጉ፤ አዳመጡ። ከዚያ በጀልባዋ ዙሪያ አስረው ማንሳት ጀመሩ። ጀልባዋ ከተነሳች መኪናው ይቀላል፤ ከቀለለ ደግሞ ተስቦ ይወጣል። ሞተሩ አጓራ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ጀልባዋ አልተነቃነቀችም። ይልቅስ የክሬኑ የፊት ጎማዎች ከመሬት ብድግ አሉ። ጋሽ ቃሲም ፈጥነው መለሱት። ወጥተው ጀልባዋን ትክ ብለው አዩዋት።

«ኡልፋቴ» አሉ። «ከብዳለች። ሰኞ በአንድ እጄ ያነሳኋት ናት። ውሃ ይዛለች እንዳልል ቀዳዳዋ ክፍት ነው።»

«ውታፉ እኔ ጋ ነው» አለ ተስፋዬ ከጋቢናው፤ ድምፁ ደክሟል። «ቆሻሻ ዘግቶት ይሆናል። ሰው ወጥቶ ከውስጥ ይየው።»

«ሰው ከወጣባት አብራ ትወርዳለች» አሉ ጋሽ ቃሲም። «ልልቀቃት ብል መኪናውን ይዛ ትሄዳለች፤ ልያዛት ብል እኔንም ትወስደኛለች።»

የተስፋዬን እግር በተከፈተው በር በኩል አየዋለሁ፤ ጉልበቱ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ቃሲም ዞሩ። «ምን አሉ?»

«ቀዳዳዋን የወተፍኳት እኔ ነኝ። ኢተያ ላይ። አቧራ እየገባ በሶዬን ቢያበላሽብኝ በጨርቅ፣ በሰፈፍና በተልባ ደፈንኳት። ከላይ ብትጎትቱት አይወጣም፤ አብጧል። ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፋው። ከላይ እንደ ክዳን ነው ያደረግኩት፤ ጠርዙ ከተነሳ ይለቃል።»

ጋሽ ቃሲም አልተቆጡኝም፤ ጊዜ አልነበራቸውም። ዲጅኖ አንስተው ከመኪናው ኋላ፣ ጭራዋ ከመንገዱ በላይ ከተንጠለጠለችበት ሥር ቆሙ። መኪናው ቢንሸራተት የምትወድቀው እሳቸው ላይ ነው። እኔም ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ፤ ቀዳዳዋን ጣቴን ቀስሬ አሳየኋቸው። «ከዚህ፣ ወደ ግራ ትንሽ ጠጋ፣ እንደዚያ።» አንዴ ገፉት፣ እምቢ አለ። ሁለቴ። በሦስተኛው ውሃው ፊታቸው ላይ ተረጨ፤ ዲጅኖውን ጥለው ወደ ኋላ ዘለሉ፤ እኔም ከራሴ እስከ እግሬ ታጠብኩ።

ውሃው ለመፍሰስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በመንገዱ ላይ ትንሽ ጅረት ሆነ። የገበሬዎቹ አንዲት ቀይ ላም ከማሳው ወርዳ ከጀልባዋ ሥር አንገቷን ዘርግታ ትጠጣ ጀመር፤ ባለቤቷ ሊያባርራት ሲል ጋሽ ቃሲም፣ «ተዋት፣ እያገዘችን ነው» አሉት። እኔ ወደ ጋቢናው በር ሄድኩ።

«እማዬ፣ ራቂ ከዚህ።»

«አልርቅም።»

«ብትንሸራተትስ?»

«ብትንሸራተት አሰላ ሄጄ ብቻዬን ምን እሠራለሁ?»

በሶ በውሃ በጥብጬ በጣሳ አጠጣሁት፤ ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ስለነበር እንደ ሕፃን ይዤለት ነው የጠጣው። ሲጨርስ፣ «ውሃውን መቼ ነው የሰማሽው?» አለኝ።

«ከአርቦዬ እንደወጣን።»

«ሁለት ጠመዝማዛ ዝም አልሽ?»

«ሁለት ጠመዝማዛ ዝም አልኩ።»

አየኝ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ አየ። «እርሻው ላይ ሲጠይቁ አንቺ አትናገሪ። ሳልፈትሽ ነዳሁ እላለሁ።»

«ውሸት ነው።»

«አለመፈተሼ ውሸት አይደለም።»

ውሃው ጠብታ ሲቀር ጋሽ ቃሲም ክሬናቸው ላይ ወጡ። አሁን ጀልባዋ እንደ ሰኞዋ ተነሳች፤ ከግንዶቹ ላይ ብድግ ብላ አየር ላይ ቆመች። መኪናው ተነፈሰ፤ ወደ ቦታው ቀና አለ። ገበሬዎቹ በጎማው ሥር ድንጋይና ቅርንጫፍ ጎሰሩ፤ ተስፋዬ ማርሽ አስገብቶ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ መሃል አወጣት። ሲወርድ ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብሎት በሩ ሥር ተቀመጠ። ጭኑን እያሸሁለት አለቀስኩ፤ እሱ ሳቀ።

ጀልባዋን መልሰው ሲጭኑ ጋሽ ቃሲም የወደቀውን ውታፌን ከጭቃው አንስተው አገላብጠው አዩት።

«እትዬ አስካለ፣ ሐይቅ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሸለሙ ነበር» አሉኝ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ ለእኔም ለሌላም አንድ ቃል አልተናገሩም። አሁን አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የጀልባዋን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። ሐሙስ ዕለት ተስፋዬና ጋሽ ቃሲም ወደ እርሻው ወሰዷት፤ እኔ አልሄድኩም። ውታፉን ተስፋዬ ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ጠመዘዘው፤ ቦዩ ላይ ስትንሳፈፍ ሠራተኛው አጨበጨበ አሉኝ። የተበጠሰውን ሰንሰለት ሲጠይቁት፣ ለእኔ እንዳለኝ፣ ሳልፈትሽ ነዳሁ አላቸው። ከዚያ በኋላ ከባድ ጭነት አልሰጡትም፤ አሰላም ውስጥ «ተስፋዬ ገደል ሊገባ የነበረው» እየተባለ ቀረ። እናንተም ስትሉት ሰምቻለሁ፤ እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ጠላ ቀድቼላችኋለሁ። አሁን አሰብ መንገድ ላይ ነው የሚነዳው፤ አያኮርፈኝም፤ ደብዳቤ ይጽፍልኛል። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ጽፌዋለሁ።

ዛሬ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያ ጉዞ ይመጣብኛል። ፍርሃቱን እየረሳሁት ነው። የቀረኝ በነጠላዬ የተቋጠረው ቆሎ፣ የዘይቱና አዲስ ድስት፣ በመዶሻ የሚዘፍን ሰንሰለት፣ ከጀልባ ሥር የምትጠጣ ቀይ ላም ነው። እንደገና ሂጂ ብትሉኝ እፈራለሁ፤ ግን ናፍቆኛል።

አቦምሳ የገባነው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን፤ ነጠላዬ እላዬ ላይ ደረቀ። ጭላሎን ዞሬ ፈለግኩት፤ አይታይም። አልማዝ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ በጭቃ የታጠብሽው?»

ተስፋዬ በኋላዬ እያነከሰ ስንቁን ተሸክሞ መጣ። አየሁት፤ የምለውን ሊሰማ ቆሟል። እሷንም አየኋት።

«ደርሰናል» አልኳት። «ወንድምሽ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ።»